ቡና ማሽናችሁን ከመጣላችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፦ የድሬ ውሃና የፊልተር ማሽን ነገር

መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የምኖር፣ ጠዋት ስራ ከመግባቴ በፊት ከሰል አቀጣጥዬ ጀበና ለመጣድ ጊዜ የሌለኝ፣ በዚህም የተነሳ ቤተሰብ መሀል ሽሙጥ የማያጣኝ ሰው ነኝ። እማዬ ማሽኑ ያወጣውን ቡና መጀመሪያ የቀመሰች ቀን "ይሄማ የጀበና እጣቢ ነው" ብላ ስኒውን መልሳ ሰጥታኛለች። ቢሆንም ማሽኗ ከኔ ጋ 5 አመት ቆይታለች፣ በዛ መሀል ሶስቴ "ሞታ" ሶስቴ ተነስታለች፣ ይሄን ያየ ጎረቤት ደግሞ "አቦ እስቲ የኛንም እያት" እያለ አንድ አንድ እያመጣ ሳሎኔን ጋራዥ አስመሰለው። ከዛ ሁሉ መፍታትና መግጠም የገባኝ አንድ ነገር ነው፣ ድሬ ላይ ተበላሸ ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ ከሚወረወረው ማሽን እኔ ጋ ከመጡት አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም፣ ኖራ አንቋቸው ነው።

እንዴት እንደምትሰራ

ብዙ ሰው ውስጧ ፓምፕ ያለ ይመስለዋል፣ የለም። ውሃው ከታንኩ ስር ባለች ቀዳዳ ይወርድና አንዲት ትንሽዬ ቫልቭ አልፎ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ የአልሙኒየም ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከቱቦው ጋር ተጣብቆ የተሰራ ሬዚስታንስ አለ፣ እንጀራ ምጣድ ውስጥ እንዳለው አይነት ማለት ነው፣ እሱ ነው ውሃውንም የሚያፈላው፣ ጆጉ የሚቀመጥበትን ሳህንም የሚያሞቀው፣ አንዱ ለሁለት ስራ። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ ወደ ታንኩ ልመለስ ሲል ቫልቯ ትዘጋበታለች፣ ያለው መንገድ ወደ ላይ ብቻ ስለሆነ ውሃውን እየገፋ በጎማ ቱቦ ወስዶ ቡናው ላይ ይረጨዋል። ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። በቃ ይሄው ነው፣ ከዚህ ውጪ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሙቀቱ ሲበዛ የሚያቋርጥ ቴርሞስታት፣ እና ቴርሞስታቱ ካልሰራ ቤታችሁ እንዳይቃጠል ራሷን የምትሰዋ የሙቀት ፊውዝ ነው።

እንግዲ አስቡት፣ ያ ቱቦ ውስጡ ከጣት የሚቀጥን ነው። የኛ ውሃ ደግሞ ከሳቢያን ጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራ የጠገበ ውሃ ነው፣ አካባቢው የኖራ ድንጋይ ባይሞላው ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እዚህ ሲሚንቶ ፋብሪካ ባልተተከለ። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ እዩ፣ ታች ላይ ነጭ ቅርፊት የለም? ማሽኗ ውስጥም ያው ነው፣ ውሃ ሲሞቅ የሟሟው ኖራ ይለያይና ሙቀት ያለበት ቦታ ላይ ይጋገራል፣ ልዩነቱ ማንቆርቆሪያው ሰፊ ነው ቱቦዋ ግን ጠባብ ናት፣ በዛ ላይ ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያሳልፍ ሬዚስታንሱ ውሃውን ትቶ ራሱን ይጠብሳል፣ ፊውዝ የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ኖራውን ዝም ካላችሁት መጨረሻው የኤሌክትሪክ ብልሽት ይሆናል ማለት ነው።

ታማለች ወይስ ጤነኛ ናት

ስልካችሁን አውጡና ሰዓት ያዙላት። ጤነኛ ማሽን 1.2 ሊትር ገደማ የሆነ ሙሉ ጆግ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ትጨርሳለች። 15 ካለፈች ኖራ ጀምሯታል፣ 20 ደቂቃ ቆይታ እንፋሎት እየተፋች፣ እያስነጠሰች፣ ታንኩ ውስጥ ግማሽ ውሃ ተርፎ ፀጥ ካለች በደንብ ይዟታል። ማሽኑ አዲስ እያለ ሰዓቱን ለክታችሁ ማስታወሻ ላይ ብትፅፉት ደግሞ በጣም ጥሩ፣ እኔ ታንኩ ክዳን ስር በማርከር ፅፌዋለሁ "9 ደቂቃ" ብዬ።

ሌላው ምልክት ድምፅ ነው፣ ቡልቅታው ወደ ፉጨትና ፍንዳታ ከተቀየረ፣ ቡናውም ቀዝቀዝ ብሎ ከወረደ፣ ያው እሱ ነው። በነገራችን ላይ ሙቀት የምትለኩ ሰዎች 100 ዲግሪ አትጠብቁ፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 96 አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ሀረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ደግሞ 94 እንኳን አይሞላም። አንድ የሀረር ዘመዴ "ማሽኑ አያፈላም" ብሎ ሊመልሰው ነበር፣ ማሽኑ ምን ያድርግ ተራራው ነው እንጂ። ለፊልተር ቡና ከ92 እስከ 96 ጥሩ ስለሆነ ምንም ችግር የለውም።

ኖራውን ማውጣት

ይሄ ዋናው ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የሚያስፈልገው አሲድ ነው፣ ሲትሪክ አሲድ ካገኛችሁ ምርጡ እሱ ነው ምክንያቱም አይሸትም፣ ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ በጥብጡ። ካላገኛችሁ አቼቶ፣ ነጩን፣ አንድ እጅ አቼቶ ሁለት እጅ ውሃ፣ በጣም ለተጋገረ ማሽን እኩል በእኩል። ሎሚስ የሚል አይጠፋም፣ ሎሚም ይሰራል ግን አንድ ታንክ ለማጠንከር ስንት ሎሚ እንደምትጨምቁ አስቡት፣ ደግሞ ፍሬውና ስጋው ቫልቯ ላይ ይሰነቀርና ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ የግድ ከሆነ በጨርቅ አጥልሉት። በረኪና ግን በፍፁም። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ መርዝ ነው፣ ብቻውንም ቢሆን ኖራ አያወጣም፣ ስለዚህ "ሁሉን ያፀዳል" የሚለው ነገር እዚህ ጋ አይሰራም።

ቡናውንና ፊልተሩን አውጡ፣ ድብልቁን ታንኩ ውስጥ ሙሉ፣ ጆጉን ቦታው አድርጉና አብሩ። ግማሽ ያህሉ ሲወርድ አጥፏት። አሁን ትኩስ አሲድ ቱቦው ውስጥ ቆሟል፣ 30 ደቂቃ ተዉት፣ ጆሯችሁን ጠጋ ብታደርጉ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ኖራው ከአሲዱ ጋር ሲጣላ የሚወጣ ጋዝ ነው፣ እኔን በጣም ያስደስተኛል መቼም። ከዛ መልሳችሁ አብሩና ቀሪውን አውርዱት። ጆጉ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ካያችሁ አትደንግጡ፣ እሱን ፈልገን ነው። ፍርፋሪው ብዙ ከሆነ አጥልላችሁ ያንኑ ፈሳሽ መልሳችሁ ታንኩ ውስጥ ጨምሩና ድገሙት። በመጨረሻ ሁለት ሶስት ታንክ ንፁህ ውሃ ብቻ አሳልፉ፣ አቼቶ ከሆነ አራትም ሊሆን ይችላል፣ ሽታው እስኪጠፋ። እዚህ ጋ የሚሰንፍ ሰው የመጀመሪያውን ቡና ሲጠጣ ሰላጣ የበላ ነው የሚመስለው።

ጨርሶ የተዘጋች፣ ጠብ የማትል ከሆነች በግድ እያበራችሁ አትጥበሷት። ከሶኬት ንቀሉ፣ ለብ ያለ ድብልቅ ታንኩ ውስጥ ሞልታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት፣ ከዛ ለአንድ ደቂቃ አብራችሁ አጥፉ፣ ጠብቁ፣ ድገሙ። አሲዱ ትንሽ ትንሽ እየበላ መንገድ ይከፍታል። ማታ ጨምሬ ልደርበት ግን አትበሉ፣ ቱቦው አልሙኒየም ነው፣ አሲድ እሱንም ይበላዋል።

ከዚህ በኋላ ውሃው የሚረጭበትን ክፍል ከስር ቀና ብላችሁ እዩት፣ ቀዳዳዎቹ በፍርፋሪ ተደፍነው ይሆናል፣ በስቴኪኒ አንድ በአንድ ክፈቷቸው። አንድ ሁለቱ ብቻ ክፍት ከሆኑ ውሃው አንድ ቦታ ላይ ቡናውን ይቦረቡረውና ዳር ያለው ደረቅ ይቀራል፣ ቡናው የቀጠነባችሁ ሰዎች እሱንም አይታችሁ ይሆናል።

በቧንቧ ውሃችን በየቀኑ የምታፈሉ ከሆነ በወር አንዴ ይሄን አድርጉት።

ውሃውን ቀድሞ ማከም

ከሁሉም የሚሻለው ግን ኖራው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሌላ ቦታ እንዲጋገር ማድረግ ነው። ማታ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ 5 ደቂቃ ያህል አፍሉ፣ ሲያድር ቅርፊቱ ታች ይዘቅጣል፣ ጠዋት ላዩን ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የታችኛውን ሁለት ጣት ድፉት። ይሄ ሁሉንም ኖራ አያወጣም ግን ብዙውን ያወጣል፣ እኔ ከጀመርኩ ወዲህ ፅዳቱን ከየወሩ ወደ ሁለትና ሶስት ወር አርቄዋለሁ። የታሸገ ውሃ የምትጠቀሙም አላችሁ፣ አቅም ካለ ማን ይከለክላችኋል። ውሃ በፈረቃ እየመጣ ከሮቶና ከጀሪካን የምትቀዱ ደግሞ አሸዋና ዝቃጭ ስላለው በንፁህ ጨርቅ አጥልሉት፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቫልቯ ላይ ከተቀመጠች በቂ ናት።

እና እባካችሁ ታንኩ ውስጥ ከውሃ ውጪ ምንም አይገባም። ሆጃ (የቡና ገለባ መጠጥ) በወተት እሰራለሁ ብላ ወተት የሞላችበት አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ቱቦው ውስጥ ያረረ ወተት ምን እንደሚሸት ልነግራችሁ አልችልም። ለሆጃ ድስት አለ።

መብራቷ በርቶ ውሃ እንቢ ካለ

ሳህኗ ይሞቃል፣ መብራቷ ይበራል፣ ውሃ ግን የለም፣ ኖራም ካፀዳችሁላት ሰንብቷል። ይሄኔ አንድም አየር ታፍኗል አንድም ቫልቯ ተጣብቃለች። አየር ከሆነ ቀላል ነው፣ አጥፍታችሁ ንቀሉ፣ ትቀዝቅዝ፣ ውሃውን ድፉ፣ መልሳችሁ ሙሉና ማሽኗን በእጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግራ ቀኝ ወዝውዟት። ታንኩ ቀዳዳ ላይ የአየር አረፋ ወጥቶ ከታየ ተሳክቷል። ካልሆነ ታንኩ ስር ባለችው ቀዳዳ በስቴኪኒ ነካ ነካ አድርጉ፣ ቫልቯ ትንሽ ኳስ ወይ የጎማ ምላስ ናት፣ ኖራ ሲይዛት ትጣበቃለች። ቀስ፣ እንዳትቀዷት፣ ከተቀደደች እንፋሎቱ ወደ ታንኩ ይመለስና ታንኩ ውስጥ ሲፈላ ታያላችሁ ላይ ግን ምንም አይደርስም።

ከላይ ከሞላና ጠረጴዛውን ቡና ካጠበው

ይሄ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፣ የአፈጫጫችን ነው። እኛ ለጀበና የለመድነው ልም ያለ ዱቄት ነው፣ ጀበና ውስጥ ይዘቅጣል ችግር የለውም፣ ፊልተር ላይ ግን ጭቃ ሆኖ ውሃውን ያግደዋል፣ ከላይ ውሃ መምጣቱን ስለማያቆም ሞልቶ ይፈሳል። የሚፈለገው የደቀቀ አሸዋ የሚመስል ነው፣ በእጅ ሲታሽ የሚቆረቁር። ሙቀጫ ካላችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አቁሙና በወንፊት ንፉት፣ ላይ የቀረው ለማሽን፣ የወረደው ዱቄት ለጀበና። እኛ ቤት ሰላም የወረደው በዚህ ነው፣ እማዬ የሷን ዱቄት ትወስዳለች እኔ የኔን። ወፍጮ ቤት የምታስፈጩ ከሆነ "ሸርከት አድርገው" በሉት፣ ፊቱን ቢያጠቁርም ያደርገዋል።

መጠኑ ለ1 ሊትር ውሃ ከ55 እስከ 60 ግራም፣ ወደ 10 የሾርባ ማንኪያ። ጆጉ ላይ 10 የሚለው ቁጥር የኛ ስኒ አይደለም፣ እያንዳንዱ 120 ሚሊ ሊትር ምናምን ነው፣ የኛ ስኒ ግማሹን ቢይዝ ነው፣ ስለዚህ "10 ስኒ አፈላሁ ግን 20 ሰው ጠጣ" የሚለው ተአምር እዚህ ጋ ተፈታ።

አፈጫጩ ትክክል ሆኖም ከሞላ ወረቀቱ ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ከዛ ደግሞ ቅርጫቱ ስር ያለችዋን በስፕሪንግ የምትሰራ ማቆሚያ በጣታችሁ ገፋ አድርጉ። ጆጉ ሲነሳ የምትዘጋው እሷ ናት፣ የቡና ዘይትና አተላ ሲደርቅባት ትጣበቃለች። እኛ ቡናውን አጥቁረን ነው የምንቆላው፣ ስለዚህ ዘይቱ ብዙ ነው፣ ሙቅ ውሃና የእቃ ሳሙና በየቀኑ። ጆጉ ውስጥ የያዘው ቡናማ ነገር ካልለቀቀ እፍኝ ጥሬ ሩዝ፣ ትንሽ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ አሽከርክሩት። ትኩስ ጆግ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱ፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይም አታስቀምጡት፣ ይሰነጠቃል፣ ምትኩን ደግሞ ልኩን የሚገጥም ማግኘት ከማሽኑ በላይ ያደክማል።

ወረቀት ፊልተር ካለቀ የሽቦ ወንፊቱን ተጠቀሙ፣ እሱም ከሌለ የተቀቀለ ንፁህ ስስ ጥጥ ጨርቅ። ሶፍት አይሆንም፣ ይቀደዳል።

ቡናው ካለቀ በኋላ ሳህኑ ላይ ረጅም አታቆዩት፣ ከ20 እና 30 ደቂቃ በኋላ መምረር ይጀምራል፣ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጡት።

ጨርሶ ካልበራች

መጀመሪያ የሞኝ የሚመስለውን አድርጉ፣ ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰኩ። ማከፋፈያው ተቃጥሎ ማሽኑን ፈትቼ የጨረስኩበት ቀን አለኝ። ሶኬቱ ከሰራና ማሽኗ ዝም ካለች፣ ከየት እንደመጣች አስታውሱ። በጅቡቲ በኩል የገባ እቃ 220 ቮልት ነው፣ የኛም ያው፣ ከዱባይ የመጣው ሶስት እግር ስፒና ስላለው አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። አሜሪካ ያለች አክስት የላከችው ግን 120 ነው፣ የስፒናው እግሮች ጠፍጣፋ ናቸው፣ ስሩ ላይም ተፅፏል። ያን አዳፕተር ብቻ ገጥማችሁ ከሰካችሁት 900 ዋት የነበረው ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል፣ ሁለት ደቂቃም አይቆይም። የኔ የመጀመሪያዋ ማሽን እንደዛ ነው የሄደችው፣ ካርቶኑ እንኳን ገና አልተጣለም ነበር። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ፣ አቅሙም ከማሽኑ ዋት በደንብ የሚበልጥ፣ ለ1,000 ዋት ማሽን 1,500 ያለው። ሰዓት ካላት ደግሞ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ብትቀር አትገረሙ፣ እዛ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው እዚህ 50፣ አንዳንዶቹ ሰዓቱን የሚቆጥሩት በሱ ነው።

ከዚህ በላይ መክፈት ነው። ቴስተርና ካቻቢቴ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የማይፈራ ሳይሆን የሚያከብር ሰው ብቻ ይክፈት፣ ሌላው ለባለሙያ ይስጥ። ንቀሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ውሃውን ድፉ፣ ገልብጣችሁ የስሩን ብሎኖች ፍቱ፣ አንዷ ሶስት ማእዘን ልትሆን ትችላለች፣ ለሷ ልዩ ጫፍ ያስፈልጋል። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የሬዚስታንሱን ሁለት ጫፍ ለኩ፣ ከ800 እስከ 1,000 ዋት ለሆነ የ220 ማሽን ከ48 እስከ 60 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ሬዚስታንሱ ተበጥሷል፣ በዚህ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ሌላ ግዙ። ደህና ከሆነ ነጭ ጨርቅ መሳይ ሽፋን ውስጥ የተደበቀችውን የሙቀት ፊውዝ ፈልጉና ለኩ፣ ዜሮ አካባቢ ካላሳየች ተበጥሳለች ማለት ነው። ላይዋ ላይ የተፃፈውን ዲግሪና አምፔር አይታችሁ ልኳን ግዙ፣ በብየዳ አትግጠሟት ምክንያቱም የብየዳው ሙቀት እዛው ይበጥሳታል፣ በሚጨመቅ ማገናኛ በፒንሳ እሰሯት፣ ሽፋኗንም መልሱላት። ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ "ፊውዟን ዝለላት፣ በሽቦ ቀጥል" የሚላችሁ አይጠፋም። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ከተጣበቀ ያችን ሬዚስታንስ የሚያቆማት ምንም የለም፣ ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል፣ እናንተ ደግሞ የከሰዓት እንቅልፍ ላይ ናችሁ።

ከፍታችሁ ሳለ የጎማ ቱቦዎቹን ጫን አድርጋችሁ እዩ። ከስር ውሃ የምታንጠባጥብ ማሽን አብዛኛው ጊዜ የደረቀ ቱቦ ወይ የላላ ማጥበቂያ ነው ያላት፣ ምግብ ነክ የሲሊኮን ቱቦ በልኩ ቀይሩ። በኮላ ለመለጠፍ እንዳታስቡ፣ አይዝም፣ ሽታውም ቡናው ውስጥ ይገባል።

መብራት ሲሄድና ቤት ስትለቁ

እያፈላች መብራት ከሄደ ማጥፊያዋን አጥፉና ንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ደግሞም ማጥፊያው በርቶ ከቀረ እናንተ በሌላችሁበት ባዶ ታንክ ታሞቃለች። ፍሪጅ ጋርድ (ቮልቱ ሲዛባ የሚያቋርጠው እቃ) ካላችሁ አምፔሩ የሚበቃ መሆኑን አይታችሁ በሱ በኩል ሰኳት።

የድሬ በረሮ ሙቀትና እርጥበት ያለበትን ቤት ያውቀዋል፣ ማሽኗ ደግሞ ሁለቱም አላት። አተላውን ቅርጫቱ ውስጥ አታሳድሩ፣ ስኳር የነካውን ማንኪያ አጠገቧ አታስቀምጡ። ለቁልቢም ሆነ ለሌላ ለቀናት ከቤት ስትወጡ ታንኩን ድፉ፣ ማጠቢያው ላይ ዘቅዝቃችሁ የቀረውን አንጠፍጥፉ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኗት፣ ካልሆነ ሻጋታ ይይዛታል። ስትመለሱ የመጀመሪያውን ታንክ ያለ ቡና አሂዱና ወደ ጆጉ ሳታዩ እንዳትደፉት፣ እኔ አንዴ ምን እንደወረደ አይቼ ከዛ በኋላ ጨርቁን ረስቼ አላውቅም።